ግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ ሽቦ

ወንድሜን ያዋረድኩት በግማሽ ሚሊሜትር ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ማለት እንግዲህ የጥፍር ውፍረት ያህል ናት፤ ብትወድቅ ድምፅ የላትም። ሰባት ወር በሆዴ ይዣት ስዞር ግን ምግብ አላስበላ፣ እንቅልፍ አላስተኛ አለችኝ። «ምን ሆነሻል?» ለሚለኝ ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» እላለሁ። ምስኪኑ ጨጓራዬ ያላጠፋውን ሲሰደብ ከረመ።

የምንሠራው ዊልቸር ነው። ፋብሪካው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ብየዳ፣ በሌላው ጫፍ የመቀመጫ ስፌት፣ መሐል ላይ እኛ። እኛ የምለው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ነው። ፋብሪካውን ያቋቋሙት ሽማግሌ ከመሞታቸው በፊት የአዳራሹን ወለል በቢጫ ቀለም ለሁለት ከፍለውት ነበር። ከመስመሩ በስተግራ ያለውን ክፍል «ዘንድሮ» አሉት፤ ሥራው የሚሸጠውን ወንበር በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እያሻሻሉ ማውጣት ነው። በስተቀኝ ያለውን «ከርሞ» አሉት፤ እዚያ የሚሠራው ገና ማንም ያላየው ወንበር ነው። የዘንድሮ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ስምንት ሰው አለኝ። የከርሞ ኃላፊ ወንድሜ ነበር፤ ሰዎቹ እሱና አንድ በያጅ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌው ሁለት ሕግ ትተውልን ሄዱ። አንደኛው፣ ወንበር የምንፈትሽበት ጠረጴዛ በሳምንት ከሚሠራው አርባ ሰዓት ስምንቱ የከርሞ ነው፤ ዘንድሮ ቢጣደፍ፣ ቢያለቅስ፣ ቢሞት ይህች ስምንት ሰዓት አትነካም። ሁለተኛው፣ ሁለቱም ክፍሎች የሚጠቀሙበት ዕቃ ላይ ለውጥ ከተደረገ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል፣ ሁለቱም ኃላፊዎች ይፈርሙበታል። ሕግ ማለት ይኸው ነው፣ ሁለት መስመር። ሁለቱንም የጣስኳቸው እኔ ነኝ።

ልጅ ሆነን ወንድሜ ሬዲዮ ይፈታል፣ እኔ መልሼ እገጥማለሁ። እናታችን «አንዱ ያፈርስልኛል፣ አንዷ ትጠግንልኛለች፣ እኔ ምን ጎደለብኝ!» እያለች ትስቅ ነበር። አድገንም ያው ነን። እሱ ነገር ሲያይ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል፤ እኔ «ይሄን እንዴት ላስተካክለው?» እላለሁ። እሱ መጀመሪያ በይዶ ኋላ ይለካል፣ እኔ ለክቼም አላምን። እየተቦጫጨቅን እንዋደድ ነበር።

ሰባት ዓመት የለፋበት ወንበር የተቀመጠን ሰው አንስቶ የሚያቆም ነው። ሞተር የለውም። የተቀመጠው ሰው በጎን ያለውን ማንሻ በእጁ ሲገፋ ከሥር ያሉት አራት ጥምዝ ሞላዎች ክብደቱን ተሸክመው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ሐሳቡን የሰጠችው አንዲት የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ወንበሮቻችንን ተቀምጣ የምትፈትሽልን እሷ ነበረች። ሰሌዳው ላይ የምትደርሰው እስከ ግማሹ ብቻ ነው። የታችኛው ግማሽ ላይ የምትጽፈውን ደግሞ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች አያዩትም፤ የፊተኞቹ ጭንቅላት ይከልላቸዋል። «አንድ ቀን እላይኛው ጥግ ላይ ጽፌ ብሞት አይቆጨኝም» አለችው። ወንድሜ እንደዚህ ዓይነት ነገር ከሰማ አለቀለት፤ ቀን ከሌት ሌላ ነገር አያስብም።

የእኔም ሥራ እኮ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ደንበኞቻችን በኮረኮንቹ መንገድ ወገባችን አለቀ እያሉ አማረሩ፤ እውነታቸውን ነው። ከመቀመጫው ሥር ሞላ ባስገባ ይቀላቸዋል ብዬ አሰብኩ። የወንድሜ ሞላ ዕቃ ቤት ውስጥ ቁጥር ሠላሳ አንድ ተብሎ ተቀምጧል። «ልጠቀምበት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን ትጠይቂኛለሽ እትዬ፣ የእኔ የአንቺ አለው እንዴ?» ብሎ ፈረመልኝ።

ሞላው ግን ለመቀመጫ ጠንካራ ሆነ፤ ሰው ሲቀመጥበት ንቅንቅ አይልም። ሞላ የሚሠራልን ሰው ጋ ደወልኩና ሽቦውን ከአራት ሚሊሜትር ወደ ሦስት ተኩል አቅጥንልኝ አልኩት። ርዝመቱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ጥምዙ ያው። አዲስ ቁጥር ለማውጣት ቅጽ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሁለት ሳምንት ያቆማል። የወሩ ትእዛዝ ደግሞ እላዬ ላይ ቆሟል። «ቁጥሩን በኋላ አስተካክላለሁ» አልኩ። ቀጭኖቹ ሞላዎች መጡና በወፍራሞቹ ሳጥን ውስጥ፣ በሠላሳ አንድ ቁጥር ተቀመጡ። ሁለት ወር ሆነ፣ ሦስት ወር ሆነ፣ በኋላ ያልኩት ቀን አልመጣም።

የወንድሜ ወንበር ለፋብሪካው ቦርድ የሚታይበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ሰባ ኪሎ አሸዋ ጭኖበት ብድግ አድርጎት ነበር። ጠዋት ላይ ግን አሮጌዎቹ ሞላዎች በሺህ ጊዜ ሙከራ ደክመዋል፣ ለሰው አዲስ ይሁን አለና ከሳጥኑ አራት አዲስ ሞላ አውጥቶ ቀየረ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ጠረጴዛውን ለግማሽ ሰዓት ልቀቂልኝ። ሞላ ቀይሬያለሁ፣ አንዴ ልሞክረው።»

ሰዓቱ የእሱ ነበር፤ ከስምንቷ አንዷ። እኔ ግን ለጠረጴዛው አሥራ አንድ ወንበር አሰልፌያለሁ፣ መኪናው ውጭ ቆሟል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። «ትናንት አንስቶ የለ እንዴ? ምን አስፈራህ?» አልኩት። «ሞላ እንደሆነ ያው ሞላ ነው።»

ራሱን አከከና «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ሄደ።

አስተማሪዋ ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ጠመኔ በእጇ ይዛ መጣች። አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳ ቆሞላታል። ማንሻውን ገፋች፤ ወንበሩ ተነሳ፤ ሁላችንም እጃችንን ለጭብጨባ አዘጋጀን። ከዚያ ተገታ። አስተማሪዋ በመቀመጥና በመነሳት መሐል ተንጠልጥላ ቀረች። ደግማ ገፋች፣ ግንባሯ ላይ ላብ ተንቆረቆረ። ወንድሜ ሮጦ ከሥር ደገፋት። እሷ ሳቀች። ሌላ ምን ታድርግ? ሃያ ሰው አፍጥጦ እያያት ነው። ቀስ ብለው ሲያወርዷት ጠመኔው ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም አላነሳውም።

የነገሩን ምክንያት የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቄዋለሁ። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ዕቃ ቤት ገባሁና ከሳጥኑ አንድ ሞላ አውጥቼ በካሊፐር ለካሁት፤ ሦስት ተኩል። ሞላውን መልሼ ሳጥኑን ከደንኩት። ሳጥኑን ስከድን እጄ እንዴት እንደተጠነቀቀ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥራ አስኪያጇ የሽማግሌው ልጅ ናት፤ አብረን ያደግን ነን። በማግስቱ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። «ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ» አለች። «ዘንድሮ ደሞዝ ይከፍላል፣ ከርሞ ተስፋ ይከፍላል። ተስፋ ለመክፈል ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።» ከርሞ ተዘጋ። ወንድሜ ወደ እኔ ክፍል ተዛወረ፣ ከእኔ ሥር። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ከጎኑ ተቀምጬ ምንጣፉን አያለሁ። «አንድ ጊዜ ልናገር» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ይረጋጋ አልኩ። ሲረጋጋ፣ ወይም የተረጋጋ ሲመስለኝ፣ አሁን ብነግረው ቁስሉን መቀስቀስ ነው አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል አንደበቱ እንዴት እንደሚጣፍጥ!

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። በይዶ የሚለካው ልጅ እያንዳንዷን ብሎን ሦስቴ መለካት ጀመረ። ለክቶ ይጽፋል፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። «እትዬ፣ አንዴ እዪልኝ፤ እኔ ዓይኔን አላምነውም።» አያለሁ። ትክክል ነው። «ትክክል ነው» እለዋለሁ። አመስግኖኝ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ በጣም ወደደችው፤ «ወንድምሽ አሁን ገና ሰው ሆነ» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሚስቱ እንደነገረችኝ እሑድ እሑድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የወንበሩን ስሌት ከሀ ጀምሮ ይሠራል። ስህተቱን እየፈለገ ነው። አላገኘውም። ስለሌለ ነው ያላገኘው።

በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ሥራ አስኪያጇ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ለአዲስ የቀለም ምድጃ ቦታ ስለተፈለገ የሚያቆመው ወንበር ተፈትቶ ዕቃው ወደ ዕቃ ቤት ይመለስ ይላል። ፈረምኩ። ስፈርም በአእምሮዬ የነበረው ወንበሩ አልነበረም፤ ሞላዎቹ ነበሩ። ማንም ከመድረሱ በፊት በጠዋት ገብቼ ራሴ እፈታቸዋለሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ጋር እደባልቃቸዋለሁ፣ በቃ፣ ውሃ በላው። እንዲህ አስቤ መፍቻ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር እያልኩ መንገዱን ጨረስኩት፤ አልተመለስኩም።

ወንድሜ ቀድሞኛል። ሰባት ዓመት የሠራውን እሱው ሊፈታው ፈቃድ ጠይቆ ኖሯል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ አራቱ ሞላዎች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ ካሊፐሩ በእጁ ነው። ድሮ ቢሆን ፈትቶ ይወረውራቸው ነበር። አሁን ግን የነካውን ሁሉ ይለካል።

«እትዬ! አገኘሁት!» አለኝ። ፊቱ እንዲህ ሲበራ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኛል። «ሦስት ተኩል ነው። ሞላ ሠሪው ተሳስቶ ቀጭን ልኮልናል። በዚህ ሽቦ እኮ ወንበሩ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነው የሚያነሳው። ስሌቱ ትክክል ነበር! ሰባት ወር ሙሉ ትክክል ነበር!»

ቦርሳዬን ወደ ኋላዬ አዞርኩ። እሱ ሞላዎቹን እንደገና አየና ቀስ በቀስ ፊቱ ጠቆረ።

«ሳልለካ የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ። «አራት ሞላ መለካት አቅቶኝ። አስተማሪዋን ሰው ፊት አንጠለጠልኳት፣ አንቺንም አሳፈርኩሽ። ይቅር በይኝ እትዬ።»

መውጫው ተከፍቶልኛል። ጥፋቱን እሱ ወስዶታል፣ ያውም ይቅርታ ጠይቆኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ይሁን፣ ያለፈ ነገር ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያን ማድረግ እንደምችል አውቄ በራሴ ደነገጥኩ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ሞላ ሠሪው አልተሳሳተም። ያስቀጠንኩት እኔ ነኝ፣ ለመቀመጫው ብዬ። ቁጥሩን አልቀየርኩም። ያን ዕለት ጠረጴዛውንም ከለከልኩህ።»

አየኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።»

ካሊፐሩን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። «ሽቦውንስ ለሥራ ነው ያስቀጠንሽው፤ ሰው ይሳሳታል» አለ። ድምፁ አልከረረም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ግን ብሎን ይዤ እየመጣሁ እዪልኝ ስልሽ፣ በልብሽ ምን ትዪ ነበር?»

አለቀስኩ። ማልቀሴም አናደደኝ፤ ማን ነው አሁን የሚለቀስለት? እሱ ግን አላባበለኝም፣ ተነስቶም አልሄደም። ሞላዎቹን አንድ በአንድ በጨርቁ ጠቀለላቸው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩትን መፍቻ ጭምር። እስክሪብቶዋን እያገላበጠች ሰማችኝና «እሺ፣ ከርሞን መልሼ ልክፈት ብል ሰውና ሰዓት ከየት ላምጣ?» አለችኝ።

«ከእኔ። ሁለት ሰው ውሰጂ። ስምንቱንም ሰዓት መልሺለት።»

«የዘንድሮ ሥራ ይቀንሳል። አንቺ ደግሞ አንድ ወንበር ሲጎድልብሽ አገር የምታተራምሺ ሰው ነሽ።»

«ይቀንስ።»

በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ቢጫው መስመር አየች። «አባባ ያቺን ስምንት ሰዓት ለምን እንደዚያ በሕግ እንዳጠሯት ገብቶኝ አያውቅም» አለች። «ሠላሳ ሁለት ሰዓት ያለው ሰው ስምንቷንም እንደሚመኛት ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔም ተመኝቻታለሁ እኮ። ወንበሩ መሐል ላይ ሲቀር ውስጤ እፎይ ያለ ነገር ነበር፤ አሁን ለመዝጋት ምክንያት አገኘሁ ብዬ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ፈተናው ይደገማል። ግን አስተማሪዋ እሺ ካለች ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አታነሳም። አንቺው ሂጂ። ስትጠይቂያት ደግሞ ወንበሩ ለምን እንዳልተነሳ ነግረሽ ጠይቂያት።»

ወንድሜ በወፍራሙ ሽቦ አራት ሞላ እስኪያሠራ ሦስት ቀን ፈጀበት። ሦስቱንም ቀን ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልነገረኝም። ወረቀት ይዞም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ሰባ ኪሎ አሸዋ ጫነ፣ ማንሻውን ገፋ፣ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ከመስመሩ ወዲያ ሆኜ አየሁ። እሱ ወደ እኔ አልዞረም።

አስተማሪዋ የምትኖረው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ከትምህርት በኋላ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ዊልቸሯ ላይ ሆና የከፈተችልኝን ሴት መጀመሪያ አላወቅኳትም። ያ ሰማያዊ ኮት ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል፣ ጉንጯ ገብቷል። ታማ ነበር እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«ወይኔ፣ አንቺ ነሽ!» አለች በደስታ። «ግቢ፣ ግቢ። እኔ ራሴ ልመጣ ነበር እኮ። ስልክ ያላነሳሁት አፍሬ ነው። አሁን ግን ለወንድምሽ ንገሪው፤ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ። በየቀኑ እመዘናለሁ። እራት ትቻለሁ፣ ዳቦ ትቻለሁ። ሃምሳ አንድ ገብቻለሁ፤ አሁን ያነሳኛል በለው።»

ወንበር አሳየችኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። ሽቦውን ነገርኳት፣ ቁጥሩን፣ የነጠቅኩትን ግማሽ ሰዓት፣ የከደንኩትን ሳጥን፣ ሰባቱን ወር። እሷ አላቋረጠችኝም። ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ስንት ኪሎ እንዲያነሳ ነበር የተሠራው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዘጠና አምስት።»

በአንድ እጇ የሌላኛውን እጇን አንጓ ጨበጠች፤ አውራ ጣቷና መሐል ጣቷ ተገናኝተው ተደራረቡ።

«እኔ እኮ ስልሳ ሁለት ነበርኩ» አለች።